በአምስት ቀን ከሐዋሳ ናይሮቢ ደርሶ መልስ፣ በቪትዝ፣ ከነልጆች

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችን (12፣ 9 እና 5 ዓመት) እና እኔ ለገና፣ ከታህሳስ 27 እስከ ጥር 1፣ ባለችን ቪትዝ በሞያሌ አድርገን ናይሮቢ ደርሰን መመለስ እንፈልጋለን። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ ጓደኛዬ ‹ሙሉ አስፋልት ነው፣ በአንድ ቀን ተኩል ትገባለህ› ብሎኛል። ለልጆቹ ደግሞ እንደ ዱባዩ ያለ ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ እዚያ አለ ሲባል ሰምተናል። መኪናዋ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አላት። ቢጫ ካርድ ካወጣሁላት ሌላ ምን ይጎድለናል?»

ምላሽ፦ በአምስት ቀን በመኪና አይሆንም። ጓደኛዎ ስለ አስፋልቱ ልክ ነው፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ ተሠርቶ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። ያሳሳታችሁ የጊዜው ስሌት ነው። ከሐዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 780። ሲደመር 1,280 አካባቢ ይመጣል፣ ደርሶ መልሱ ከ2,500 በላይ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ከረዳቱ ጋር እየተቀያየረ፣ ሌሊቱንም እየነዳ ይገባል። እርስዎ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ይዘው፣ ድንበር ላይ መኪና አስመዝግበው፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነድተው ነው የሚሄዱት።

ቀኑን ሰፍረን እንየው። ከሐዋሳ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በሐገረ ማርያም አድርጎ ያቤሎ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ሐገረ ማርያም መንገዱ ጠመዝማዛና ከተማ የበዛበት ስለሆነ፣ ያቤሎ ለመድረስ ብቻ ስድስት ሰባት ሰዓት ይሄዳል። ከያቤሎ በሜጋ ሞያሌ ሌላ 200 ኪሎ ሜትር አለ፤ ይሄኛው ሜዳ ነው፣ ይፈጥናል። ጠዋት 12 ሰዓት ከሐዋሳ ቢነሱ ሞያሌ የሚገቡት ወደ ማታ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው አዳር እዚያው ነው። በሁለተኛው ቀን የድንበሩ ጉዳይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በማርሳቢት አድርገው ኢሲዮሎ ሲደርሱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተዋል፤ ቀኑም አልቋል። በሦስተኛው ቀን በናንዩኪ በኩል፣ የምድር ወገብን ተሻግረው፣ ከሰዓት በኋላ ናይሮቢ ይገባሉ። ሦስት ቀን መሄጃ፣ ሦስት ቀን መመለሻ ማለት ነው። ከአምስት ቀን ላይ ስድስት ቢቀነስ የሚተርፈውን እርስዎም ያውቁታል።

ሁለተኛው ስህተት ፓርኩ ነው። ናይሮቢ ውስጥ እንደ ዱባይና አቡ ዳቢ ያለ፣ ሙሉ ቀን የሚያውል፣ በአንድ ታሪክ ወይም ገጸ ባህሪ ዙሪያ የተገነባ ፓርክ የለም። ከሰሐራ በታች በዚያ ደረጃ የሚጠቀሰው ጆሃንስበርግ ያለው ጎልድ ሪፍ ሲቲ ነው፤ በአሮጌ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ላይ የተሠራ ነው። ከሐዋሳ በመኪና ተነስቶ በአጭር ዕረፍት እንዲህ ያለ ፓርክ የሚደርስ ሰው የለም። ናይሮቢ ያለው የከተማ መጫወቻ ነው። በሊሙሩ መንገድ ላይ፣ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በተከፈተው ቱ ሪቨርስ የገበያ ማዕከል ግቢ ውስጥ ትልቅ የሚሽከረከር መንኮራኩርና የተለያዩ መጫወቻዎች አሉ። ለሦስት ልጆች ግማሽ ቀን በደንብ ያስደስታል። «ዱባይ እንሄዳለን» ብላችሁ ቃል ገብታችሁላቸው ከሆነ ግን ከአሁኑ አስተካክሉት፤ ልጅ እዚያ በር ላይ ሲደርስ ከሚያዝን እቤቱ ሳለ ቢያውቀው ይሻላል።

ናይሮቢን ለልጆች የተለየ የሚያደርጋት እንስሳቱ ናቸው። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 እንደ ፈረንጆቹ የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከከተማው ጋር የተጎራበተ ነው፤ አንበሳና አውራሪስ ከጀርባቸው ፎቅ እየታየ ይቆማሉ። ላንጋታ በሚባለው ሰፈር ልጆች በእጃቸው ቀጭኔ የሚመግቡበት ማዕከል አለ። እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት የሼልድሪክ ማሳደጊያም እዚያው አቅራቢያ ነው። ማሳደጊያው ለጎብኚ የሚከፈተው ረፋድ ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቦታም አስቀድሞ መያዝ አለበት። ሦስቱም በከተማው ደቡብ በኩል ስለሆኑ በአንድ ቀን ይጠቃለላሉ። ቱ ሪቨርስ ያለው ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ቀን ማጣመር የናይሮቢን የመኪና መጨናነቅ አለማወቅ ነው፤ ልጆቹ ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሱታል።

መጫወቻዎቹ ላይ ልጅን የሚያስገባው ዕድሜ አይደለም፣ ቁመት ነው። ፈጣኖቹ ብዙ ጊዜ 120 ወይም 140 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ከመሄድዎ በፊት ልጆቹን ያለ ጫማ የበሩ መቃን ላይ አቁመው፣ መጽሐፍ በጭንቅላታቸው ላይ አጋድመው በእርሳስ ምልክት ያድርጉና በሜትር ይለኩ። የ5 ዓመቱ ልጅ 110 አካባቢ ከሆነ የሚገባው ትንንሾቹ ላይ ብቻ ነው፤ የ9 ዓመቱ ደግሞ ከ120 በላይ ይሁን በታች የሚታወቀው ሲለካ ነው። ይህን አውቀው ከሄዱ አንዱ ወላጅ ከትንሹ ጋር፣ ሌላው ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል፤ ሰልፍ ተሰልፎ በር ላይ የሚመለስ ልጅ አይኖርም። መንኮራኩሩና ከፍታ ያላቸው መጫወቻዎች ነፋስ ሲበረታ ይቆማሉ፣ ስለዚህ ከእነሱ ይጀምሩ።

አሁን ወደ ቢጫ ካርዱ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ብዙ ሰው አንዱን ይዞ ሁለቱንም የያዘ ይመስለዋል። አንደኛው የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ነው፤ ሦስተኛ ወገን ከገቡበት የኢንሹራንስ ድርጅት ይወጣል፣ ኬንያም ኢትዮጵያም አባል ናቸው። ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ የሚሰጠው ለሰው ነው። ኬንያ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ፣ አንድ ዓመት ከሞላው ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመንገድ ዋዜማ ተወግቶ መሄድ ዋጋ የለውም። አንዴ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል፤ የቆየ ካርድ ካላችሁ አትጣሉት።

የኮሜሳው ካርድ የሚሸፍነው እርስዎ በሌላ ሰውና ንብረት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳትና የተሳፋሪዎችን ሕክምና ነው። ቪትዟ ራሷ ብትገለበጥ ወይም ብትሰረቅ አንድ ብር አይከፍልም። ሙሉ ኢንሹራንስ ያላቸው መኪኖች እንኳ ውላቸው ብዙ ጊዜ ድንበሩ ላይ ያበቃል፤ ወደ ኬንያ እንዲዘረጋ በጽሑፍ መጠየቅና ተጨማሪ ዓረቦን መክፈል ያስፈልጋል። የእርስዎ ሦስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ የመኪናዋን ዋጋ ሙሉ በሙሉ በራስዎ ኪሳራ ይዘው ነው የሚወጡት።

የመኪናዋ ወረቀት ከዚያ ይቀጥላል። ዋናው ሊብሬና ያልተቃጠለ ቦሎ በእጅ መሆን አለባቸው። ሊብሬው በባንክ ዕዳ ተይዞ ከሆነ ከባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ። መኪናዋ በባለቤትዎ ወይም በወንድም ስም ከሆነች ደግሞ መኪናዋን ከአገር ይዞ መውጣትን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና፣ ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይያዙ። «መንዳት ይችላል» የሚል ብቻ ድንበር ላይ አያሻግርም። በኢትዮጵያ በኩል መኪናዋ ተመልሳ እንደምትገባ የሚያሳይ የጉምሩክ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። ምን ዋስትና እንደሚጠየቅ ከሐዋሳ ጉምሩክ ቅርንጫፍ ቢያንስ ከወር በፊት ይጠይቁ፤ ከቀረጥ ነጻ የገባች መኪና ከሆነች ይህን ከሁሉ በፊት ይንገሯቸው። በኬንያ በኩልም መኪናዋ በስምዎ በጊዜያዊነት ትመዘገባለች፣ የመውጫ ቀን የተጻፈበት ወረቀትም ይሰጥዎታል። ያን ወረቀት ከፓስፖርት እኩል ይጠብቁት። ቀኑ ካለፈ ወይም መኪናዋን ጥለው በአውሮፕላን ልመለስ ካሉ የቀረጥ ጥያቄ ይነሳል።

ሞያሌ ላይ በኅዳር 2013 የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ አሠራሩን ለውጦታል። የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ሕንጻ ይቀመጣሉ፤ ጉዳዩ የሚጨረሰው በሚገቡበት አገር በኩል ባለው ሕንጻ ነው። ወደ ኬንያ ሲሄዱ የኢትዮጵያ መውጫ ማህተም የሚመታልዎት በኬንያ በኩል ነው ማለት ነው። የኬንያው መስኮት ጨርሶልዎት የኢትዮጵያውን ሳያስመቱ ቢሄዱ ሲመለሱ «መቼ ወጣህ?» ይባላሉ። አምስቱንም ፓስፖርት ገልጠው ሁለት ሁለት ማህተም መኖሩን እዚያው ይቁጠሩ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኬንያ ቪዛ አያስፈልግም። ሆኖም ኬንያ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ በቪዛ ፋንታ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ጀምራ ደንቡን ደጋግማ አሻሽላለች፤ ስለዚህ በሚጓዙበት ሳምንት የኬንያ መንግሥትን ገጽ ከፍተው ይመልከቱ። ለልጆቹ ፓስፖርትና የልደት ሰርተፍኬት ይያዙ፤ አንዱ ወላጅ ከቀረ የሱ ወይም የሷ የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ይጨመር።

አነዳዱ ራሱ ከወረቀቱ በላይ ያሳስበኛል። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፣ የእርስዎ መሪ ደግሞ በግራ ነው፤ ስለዚህ ሾፌሩ የሚቀመጠው በጠርዙ በኩል ይሆናል። ከከባድ መኪና ኋላ ሆነው ለመቅደም ሲያስቡ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው እርስዎ ሳይሆኑ በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። ተጠግቶ መከተል ጨርሶ እንዳያዩ ያደርጋል። ከጭነት መኪናው ቢያንስ ሁለት የጭነት መኪና ርዝመት ወደ ኋላ ይቅሩና መንገዱ ረዥም ቀጥታ እስኪሆን ይጠብቁ። ጎን የሚቀመጠው ሰው መንጃ ፈቃድ ያለው ወይም ርቀት መገመት የሚችል ይሁን። ልጅ ፊት አይቀመጥ። አደባባይ በኬንያ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል፣ ቅድሚያውም በቀኝ ለሚመጣ ነው፤ ከእኛ ተቃራኒ ነው። ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ሰዓት ላይ አይደለም፣ ያኔ ይጠነቀቃል። ነዳጅ ቀድቶ ወይም ምሳ በልቶ ሲወጣ፣ መንገዱ ባዶ ከሆነ፣ እጁ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ዳሽቦርዱ ላይ «ግራ» ብለው በትልቁ ይለጥፉ።

የፊት መብራትም አለ፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የእኛ መኪኖች አጭር መብራት ጨረሩ በቀኝ ዳር በኩል ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ጠርዝ እንዲያሳይ። ኬንያ ላይ ያ ቀኝ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። ማታ ግድግዳ ፊት አምስት ሜትር ያህል ርቀው መኪናዋን ያቁሙ፣ አጭር መብራት ያብሩ፤ የብርሃኑ ጫፍ በስተቀኝ ወደ ላይ ሲወጣ ያዩታል። ያን ከፍታ እስኪያጠፋ ድረስ መስታወቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር አንሸራትተው ይለጥፉ። ይህ ለክፉ ቀን ነው እንጂ ሌሊት እንዲነዱ አይደለም። ከሐገረ ማርያም እስከ ኢሲዮሎ ባለው መንገድ ላይ ሌሊት መንዳት የለብዎትም፦ ግመልና ከብት አስፋልት ላይ ይተኛሉ፣ ምልክት የሌለው ጉብታ አለ፣ እርዳታ ሩቅ ነው፣ የጸጥታውም ሁኔታ ከወር ወር ይለያያል። በየከተማው ከመነሳትዎ በፊት የዚያን ቀን መንገድ ከሾፌሮች ይጠይቁ።

ነዳጅ ብዙ አያስጨንቅም። ቪትዟ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭና በመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትበላ ለደርሶ መልሱ 180 ሊትር ያህል ነው። ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ ላይ ግማሽ ሳይደርስ ይሙሉ። በጄሪካን ይዤ እሄዳለሁ አይበሉ፤ እኛ ጋ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፣ ልጆች ያሉበት መኪና ውስጥም አደገኛ ነው። ይልቅ ጎማዎቹን ይዩ። ጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2219 ካለ እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በ22ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢታይም ለዚህ መንገድ አይሆንም፤ ከማርሳቢት ወደ ታች ያለው ሙቀትና የተጫነ መኪና ፍጥነት ሲገናኙ ይፈነዳል። ንፋሱን የሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው የሙሉ ጭነት ቁጥር ልክ ያስሞሉ፣ መቀየሪያውንም ጭምር። ሁለት የማስጠንቀቂያ ትሪያንግል ይያዙ፤ የኬንያ ትራፊክ ይጠይቃል።

ስንቅ ሲቋጥሩ ፌስታል አይጠቀሙ። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ድርቆሹንና ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት ወይም በክዳን ዕቃ ያድርጉ፣ መኪናዋ ኪስ ውስጥ የተረሱትንም ጠራርገው ያውጡ።

ገንዘብ ላይ፣ ባንኮች ለተጓዥ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጡ ፓስፖርትና የጉዞ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ የሚለምዱት የአውሮፕላን ቲኬት ስለሆነ በመኪና የሚሄድ ሰው ቀድሞ ባንኩን ማነጋገር አለበት። ናይሮቢ ሲደርሱ በፓስፖርትዎ ሲም አውጥተው ኤም-ፔሳ ይክፈቱ፤ እዚያ ከሱቅ እስከ ታክሲ በሱ ይከፈላል። እዚህ ያለው የኤም-ፔሳ ሂሳብዎ በብር የሚሠራ ሌላ ሂሳብ ነውና በሱ አይተማመኑ። የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ በመንግሥቱ የክፍያ ገጽ አስቀድሞ ይከፈላል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። በያዛችሁት አምስት ቀን ቪትዟን ሐዋሳ ተዉአትና በአውሮፕላን ሂዱ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው በረራ ከሱ ጋር ከተገጣጠመ ታህሳስ 27 ማታ ናይሮቢ ታድራላችሁ። 28ን ለላንጋታ፣ የገናውን ዕለት ለቱ ሪቨርስ፣ 30ን ለብሔራዊ ፓርኩ ስጡ፤ ጥር 1 ተመለሱ። ጊዜው ጥሩ ነው፦ ዝናብ የለም፣ የኬንያ ትምህርት ቤቶችም በጃንዋሪ መጀመሪያ ስለሚከፈቱ መጫወቻው አይጨናነቅም። ከተማው ውስጥ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች በቂ ናቸው፤ አምስት ስለሆናችሁ ግን ትንሹ መኪና አይበቃም፣ ትልቁን ምረጡ። የአምስት ሰው ቲኬት ከነዳጅ በብዙ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ካልተቻለ ገናውን ቢሾፍቱ ያለው የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክና አዲስ አበባ፣ አንድነት ፓርክና እንጦጦ፣ በራሳችሁ መኪና አሳልፉት። ያንን ቪትዟ በደንብ ትችለዋለች።

በመኪና ናይሮቢ መግባት ግን የልብ ምኞታችሁ ከሆነ፣ ለሐምሌ አዛውሩትና ዘጠኝ ቀን መድቡ፤ ሦስት መሄጃ፣ ሦስት ናይሮቢ፣ ሦስት መመለሻ። አዳሩ ሞያሌና ኢሲዮሎ ወይም ናንዩኪ ይሁን። ሐምሌ ናይሮቢ ደረቅና ብርዳማ ስለሆነ ለልጆቹ ሹራብ ይያዝ። ለዚያም ቢሆን ሁለተኛ ሾፌር ከሌለና ጎማው ካልታደሰ አትነሱ።

ቦታ ስትይዙ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፦ ታህሳስ 27 ጃንዋሪ 5 ነው፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9። ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን በአንድ ቀን ይዛነፋል፣ ገናም ታህሳስ 28 ይውላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በስዋሂሊ የሚያወራ ሰው እንደኛው ከጠዋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «ሰዓት ሦስት» ሲላችሁ የኛው ሦስት ነው፤ ቲኬት ላይ የተጻፈው ግን የፈረንጁ ነው። ሼልድሪክ ማሳደጊያ 11:00 ብሎ ከጻፈላችሁ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ተገኙ።